ከቦታ ቦታ የሚለያይን ነገር ማጥናት፦ ከጣና ዳር ማሳ እስከ ካርታ፣ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር ዙሪያ አፈር፣ ውሃ፣ ደን ወይም በሽታ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ለማጥናት የሚወጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ገና ማሳው ላይ ነው። ናሙናው መኪና በሚገባበት መንገድ ዳር ይለቀማል። ነጥቦቹ ሁሉ እኩል ይራራቃሉ። ከአንድ ማሳ አምስት ቦታ የተቆፈረ አፈር በአንድ ከረጢት ይደባለቃል። የላብራቶሪ ሒሳብ ተከፍሎ ወራት ካለፉ በኋላ ፕሮግራሙ ጠፍጣፋ መስመር ያወጣል፤ ልዩነቱ ከርቀት ጋር ዝምድና አላሳየም ማለት ነው። ያን ጊዜ መመለስ አይቻልም፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ማሳው ታርሷል፣ በጀቱም አልቋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እዚያ እንዳትደርሱ ነው። ዋናው ምሳሌ የሜጫ ቀይ አፈር አሲዳማነት ነው። ሐይቁን፣ ዛፎችን ወይም የቀበሌ ቁጥሮችን ለሚያጠኑ ምን እንደሚለወጥ መጨረሻ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዝ፦ «ቦታው ይለያያል» ማለት ብቻውን ውጤት አይደለም፤ የማይለያይ ማሳ የለም። ውጤት የሚሆነው «በምን ያህል ርቀት ይለያያል?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ነው።

ደረጃ 1፦ መረጃችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት የምትለኩት ነገር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ወስኑ።

1. የትም ብትቆሙ የሚለካ ነገር፦ የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ የሐይቅ ጥልቀት፣ የዝናብ መጠን፣ በድንጋይ ውስጥ ያለ የማዕድን ይዘት። ይህ የቫሪዮግራም (ልዩነት ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ ግራፍ) እና የክሪጊንግ (ያልተለካውን ቦታ በዙሪያው ካሉት ነጥቦች የመገመት ዘዴ) ሥራ ነው። ከደረጃ 2 እስከ 10 ያለውን በሙሉ ተከተሉ።
2. ራሱ ነጥብ የሆነ ነገር፦ ዛፍ፣ ኩይሳ፣ ታማሚ የተገኘበት ቤት፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ሴል። እዚህ የሚጠናው የነጥቦቹ አቀማመጥ ነው፤ ተሰባስበዋል ወይስ ተበትነዋል?
3. በክልል ተደምሮ የመጣ ቁጥር፦ በቀበሌ የተመዘገበ የወባ ታማሚ፣ በወረዳ የተሰበሰበ ምርት፣ በክፍለ ከተማ የተሰላ የቤት ኪራይ።

አንዱን እንደ ሌላው መያዝ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። የቀበሌን ቁጥር ቀበሌው መሐል ላይ እንዳለ አንድ ነጥብ ቆጥሮ ክሪጊንግ መሥራት የሚያምር ካርታ ያወጣል፤ ካርታው ግን ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጻፉ

ጂፒኤሱን ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጽፋችሁ ለአማካሪያችሁ አሳዩ።

*የጥናቱ ስፋት።* እንበል 600 ሜትር በ600 ሜትር፣ ማለትም 36 ሄክታር።

*በነጥቦች መካከል ያለው ትንሹና ትልቁ ርቀት።* ትንሹን ብዙዎች ሳያስቡት ይዘሉታል። ትንሹ ርቀታችሁ 75 ሜትር ከሆነ ከ75 ሜትር በታች ስላለው ልዩነት አንድም ቃል መናገር አትችሉም።

*አንዱ ናሙና የሚወክለው መሬት።* አንድ ከረጢት አፈር የተወሰደው ከ1 ሜትር ክብ ውስጥ ነው ወይስ ከማሳው አራት ማዕዘን? ከመላው ማሳ ከደባለቃችሁ በማሳው ውስጥ ያለው ልዩነት ከረጢቱ ውስጥ ጠፍቷል፤ በየትኛውም ቀመር አይመለስም።

ይህ ለምን እንደሚከነክነኝ በቁጥር ላሳያችሁ። የአንድ ማሳ ግማሹ ፒኤች 5.1፣ ግማሹ 6.1 ቢሆን ተደባልቆ የሚወጣው 5.6 ገደማ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥር መጉዳት ይጀምራል። 5.6ን ያየ ባለሙያ ኖራ አያስፈልግም ይላል፤ በግማሹ ማሳ ላይ ያለው ሰብል ግን እየቀጨጨ ነው። ኖራ ይጨመር ቢባል ደግሞ የማያስፈልገው ግማሽ ሁሉ ኖራ ይፈስበታል። ገበሬው በሁለቱም በኩል ይከስራል።

ደረጃ 3፦ ከባለቤቱ ጋር ማሳውን ዙሩ

ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሂዱ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ከዚያ ከማሳው ባለቤት ጋር በእግር ዙሩ። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ቀይ ነው» ተብሎ ያልቃል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦

«አባቴ፣ ማዳበሪያ ቢያጥርብዎት የትኛውን ጥግ ይተዉታል?»

«ግርጌውን ነዋ! እዚያ ውሃ ይተኛበታል፣ ብጨምርበትም አይሰጠኝ። ራስጌው ላይ ደግሞ የድሮ በረት ነበር፣ እሱ ሳልጨምርበትም ይሰጣል።»

በሁለት ዓረፍተ ነገር ሁለት የልዩነት ምንጮች አገኛችሁ። በእጅ በተሣለ ንድፍ ላይ የሚከተሉትን ምልክት አድርጉ፦ የድሮ በረትና ቤት የነበረበት ቦታ፣ ጓሮ (እበትና አመድ ለዓመታት የተደፋበት ስለሆነ ከሩቅ ማሳ በጣም ይለያል)፣ ኩይሳ፣ ውሃ የሚተኛበት፣ እርከን፣ ትልልቅ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ የተነቀለበት፣ ከዚህ በፊት ኖራ የተጨመረበት።

*ጊዜ።* በዝናብ በሚለማ ማሳ ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ኖራም ማዳበሪያም ሳይገባ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውሰዱ። ቆጋ መስኖ ውስጥ ከሆናችሁ ይህ አይሠራም፤ በበጋም ሰብል አለ፣ ማዳበሪያም ይጨመራል። የየማሳውን የመጨረሻ ማዳበሪያ ቀን ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ደረጃ 4፦ የነጥቦቹን ቦታ አውጡ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ።

1. 600 በ600 ሜትሩን 75 ሜትር በ75 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ክፈሉ። 8 በ8፣ በድምሩ 64 ካሬ ይወጣል። በየካሬው አንድ ዋና ነጥብ አድርጉ።
2. ከ64ቱ ዋና ነጥቦች 30ውን በዕጣ ምረጡ።
3. ለእያንዳንዳቸው ሁለት ተጨማሪ ነጥብ ስጡ፦ አንዱ በ5 ሜትር፣ ሌላው በዚያው አቅጣጫ በ20 ሜትር። አቅጣጫውንም በዕጣ አውጡ።
4. ድምሩ 64 ሲደመር 60፣ ማለትም 124 ናሙና ነው።

አማካሪዎች ሳይቀሩ የሚቃወሙት ሦስተኛውን ነው። «5 ሜትር ላይ ሁለተኛ ናሙና ምን ያደርጋል? እዚያው አይደለም ወይ?» ይባላል። መልሱ ግልጽ ነው፦ በቅርብ ርቀት ያሉት ጥንዶች ከሌሉ ከላብራቶሪ የመጣ ስህተትን ከመሬቱ እውነተኛ ልዩነት የምትለዩበት መንገድ የላችሁም፤ የቫሪዮግራሙ መነሻም በግምት ይሣላል። የጥናቱ መሠረት እነዚህ 30 ጥንዶች ናቸው።

*በጀቱ ካልበቃ።* ከመረቡ (ከካሬዎቹ ብዛት) ቀንሱ እንጂ ከጥንዶቹ አትቀንሱ። ካሬውን 100 ሜትር አድርጉት፤ 36 ዋና ነጥብ ይወጣል፣ ከ60ዎቹ ጋር 96 ይሆናል። ቫሪዮግራምን በልበ ሙሉነት ለመሥራት 100 እና ከዚያ በላይ ናሙና ቢኖር ይመረጣል፤ ከ50 በታች ከሆነ ግን ወደ ክሪጊንግ አትሂዱ፣ መሬቱን ራስጌ፣ ወገብና ግርጌ ብላችሁ ከፍላችሁ አነጻጽሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦ እርከን።* እርከኖቹ በየ15 ሜትሩ ከሆኑ 75 ሜትር የ15 ብዜት ስለሆነ፣ መረቡ ከእርከኖቹ ጋር ትይዩ ሲሆን ነጥቦቻችሁ ሁሉ በእርከኑ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ያርፋሉ። ሁሉም ደለል የተጠራቀመበት ጠርዝ ላይ ወይም ሁሉም የተሸረሸረበት ላይ ይሆናሉ። መፍትሔው በየካሬው ውስጥ ነጥቡን መሐል ላይ ከማድረግ ይልቅ በዕጣ ማስቀመጥ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦ የማይቆፈር ቦታ።* ነጥቡ ገደል ወይም ቤት ላይ ቢያርፍ «ቅርብ ያለውን» ብላችሁ በዓይን አትምረጡ። ለየካሬው ከቤት ሳትወጡ ሁለተኛ ተለዋጭ ነጥብ በዕጣ አውጥታችሁ ያዙ።

ደረጃ 5፦ ዕቃ አዘጋጁ

አውገር (አፈር መሰርሰሪያ፤ ከሌለ ዶማና ጠባብ አካፋ)፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ 50 ሜትር ሜትሮ፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ የፕላስቲክ ከረጢት በእጥፍ፣ እርሳስ፣ ወረቀት፣ የመስክ ደብተር። ስለ ዚንክና ብረት የምትለኩ ከሆነ የቆርቆሮ ባልዲና የዛገ አካፋ አትጠቀሙ።

ጂፒኤሱን ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (ቦታ በቁጥር የሚገለጽበት ሥርዓት) አስተካክሉ። የቆዩት ባለ 1:50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መለኪያ ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ነጥቦቻችሁ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ፤ በ600 ሜትር ጥናት ላይ ይህ ማለት ሌላ ሰው ማሳ ላይ መሆን ማለት ነው።

ለየነጥቡ ባለ አራት አኃዝ ኮድ ስጡ። ዋና ነጥብ 27 ከሆነ 2700፣ የ5 ሜትሩ 2701፣ የ20 ሜትሩ 2702። «27.1» እና «27.10» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኤክሴል ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን ውሰዱ

1. ዋናው ነጥብ ላይ ቁሙና የጂፒኤሱ የስህተት ንባብ ከ5 ሜትር በታች እስኪሆን ጠብቁ።
2. የ5 እና የ20 ሜትሮቹን ነጥቦች በጂፒኤስ አትፈልጉ። የእጅ ጂፒኤስ ስህተት ራሱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ስለሆነ ጥንዱ ትርጉም ያጣል። ከዋናው ነጥብ በሜትሮና በኮምፓስ ለኩ፤ ቦታቸውን በኋላ በስሌት አውጡ።
3. ከላይ ያለውን ገለባና ድርቆሽ ጥረጉ፤ አፈሩን ግን አትግፈፉ።
4. በ1 ሜትር ክብ ውስጥ ከአምስት ቦታ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ባልዲ ውስጥ ደባልቁ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል ያዙ።
5. ኮዱን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉና በሁለቱ ከረጢቶች መካከል አስገቡ። እርጥብ አፈር የእስክሪብቶ ቀለም ያጠፋል፤ እርሳስ አይለቅም።
6. ደብተር ላይ ኮዱን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ጻፉ፦ «ኩይሳ በ3 ሜትር»፣ «የከብት እበት ክምር የነበረበት»፣ «ጠጠር በዛ»። በኋላ አንድ ቁጥር ከሌሎች ርቆ ሲወጣ የምትጠቀሙበት ማስረጃ ይህ ብቻ ነው።
7. ባልዲውንና አውገሩን ጠርጉና ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

*ቀንና ሰዓት።* ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱን «ከጧቱ 3 ሰዓት» ካላችሁ ጂፒኤሱ 9 እንደሚል አስታውሱና አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው ተጠቀሙ። የሳተላይት ምስል ጋር ስታገናኙ ወይም የሐይቅ ንባብ ስታስተካክሉ የስድስት ሰዓት ስህተት ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

*ፎገራና ደንቢያ ከሆነ።* ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የላዩ አፈርም ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ከስንጥቅ ውስጥ አትውሰዱ። የርብና የጉማራ ጎርፍ በሚደርስበት ሜዳ ላይ ደግሞ ወንዙ አጠገብ ሻካራው፣ ከወንዙ ሲርቅ ደቃቁ ደለል ስለሚተኛ ልዩነቱ አቅጣጫ አለው። ነጥቦቻችሁ ከወንዙ ጎን ለጎንም፣ ከወንዙ እየራቁም መሄዳቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ላብራቶሪ

አፈሩን ጥላ ሥር አድርቁ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ። ለፒኤች 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጡ፤ መለኪያውን በፒኤች 4 እና 7 መፍትሔዎች አስተካክላችሁ ጀምሩ፣ በየመሐሉም ደጋግማችሁ ፈትሹ።

ሁለት ነገር ግድ ነው።

አንደኛ፣ ከ124ቱ 12ቱን በደንብ ደባልቃችሁ ለሁለት ክፈሉና ለሁለተኛው ግማሽ ሌላ ኮድ ስጡ። ላብራቶሪው የትኛው ከየትኛው እንደተከፈለ አይወቅ። በሁለቱ ግማሾች መካከል የሚወጣው ልዩነት የላብራቶሪው ስህተት ልክ ነው።

ሁለተኛ፣ ናሙናዎቹን በዕጣ አደባልቃችሁ አስገቡ። ከራስጌ ጀምራችሁ እስከ ግርጌ በተራ ካስገባችሁ፣ መለኪያው ከጧት እስከ ማታ ቀስ እያለ ሲዛባ ያ መዛባት ካርታችሁ ላይ የመሬት ተዳፋት መስሎ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ከካርታ በፊት ቁጥሮቹን እዩ

የድግግሞሽ ግራፍ ሥሩ። እንደ ፎስፈረስ ያለ መረጃ አብዛኛው ዝቅ ብሎ ጥቂቱ በጣም ከፍ ይላል፤ ይህን ወደ ሎጋሪዝም ለውጡት። ፒኤች ራሱ ሎጋሪዝም ስለሆነ እንደገና አትለውጡት።

ከሌሎች የራቀ ቁጥር ሲገኝ ወደ ደብተሩ ተመለሱ። «የድሮ በረት» የሚል ማስታወሻ ካለ ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስለ በረቶች የተለየ ጥያቄ ካላችሁ ብቻ ለይታችሁ ተንትኑት። ማስታወሻ ከሌለ ላብራቶሪው እንዲደግመው ጠይቁ። ግራፉን ስላበላሸ ብቻ አትሰርዙት።

ደረጃ 9፦ ቫሪዮግራሙን ሥሩ

ሐሳቡ ይህ ነው። ሁለት ነጥቦችን ያዙ፣ አንዱ ፒኤች 5.2፣ ሌላው 5.6። ልዩነቱ 0.4፣ በራሱ ሲባዛ 0.16፣ ግማሹ 0.08። ይህን ለሁሉም ጥንድ ሥሩና በተራራቁበት ርቀት መደብ መድባችሁ አማካዩን አውጡ። 124 ነጥብ 7,626 ጥንድ ይሰጣል፤ አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ጂስታት ጥቅል በቅጽበት ይሠራዋል።

1. ርቀቱን እስከ ሰፊው ርቀት ግማሽ ብቻ ውሰዱ። የ600 ሜትር ካሬ ሰያፍ 849 ሜትር ገደማ ስለሆነ 420 ላይ አቁሙ።
2. በየርቀት መደቡ ቢያንስ 30 ጥንድ ይኑር። ከ30 በታች የሆነውን ነጥብ ግራፉ ላይ በባዶ ክብ አሳዩ፣ አትመኑት።
3. ሦስት ነገር አንብቡ። መስመሩ ከዜሮ ርቀት ላይ የሚነሳበት ከፍታ ነጌት ይባላል፤ የመለኪያ ስህተትና ከትንሹ ርቀታችሁ በታች ያለ ልዩነት ድምር ነው። መስመሩ ወጥቶ የሚረጋበት ከፍታ «ሲል» ይባላል። የሚረጋበት ርቀት ሬንጅ ነው፤ ከዚያ በላይ የተራራቁ ቦታዎች ስለ እርስ በርሳቸው የሚነግሩት ነገር የለም።
4. ነጌትን ለሲል አካፍሉ። ከ25 በመቶ በታች ሲሆን የቦታ ትስስሩ ጠንካራ፣ ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን ደካማ ይባላል። ነጌት 0.02፣ ሲል 0.10 ቢሆን 20 በመቶ ነው፤ ደህና ነው።
5. በአራት አቅጣጫ ለየብቻ ሥሩ። ወደ ቁልቁለቱ ያለው ሬንጅ ከጎኑ በግልጽ ካጠረ አቅጣጫውን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። ጥንዶቹ በአራት ስለሚከፈሉ መደቡን ማስፋት ይኖርባችኋል።

ሲበላሽ

*መስመሩ ከመጀመሪያው ጠፍጣፋ ሆነ።* ያ 12 ድብቅ ናሙና አሁን ይጠቅማል። የግማሾቹ ስህተት ከነጌቱ ጋር ከተቀራረበ ጥፋቱ የመለኪያው ነው፤ ናሙናዎቹን እንደገና አስለኩ። ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱ ከ5 ሜትር በታች ነው ወይም የነጥቦቹ ቦታ ተሳስቷል፤ በመጀመሪያ ዩቲኤሙንና ኮዶቹን ፈትሹ። ሁሉም ትክክል ከሆነ ክሪጊንግ አትሥሩ። «ልዩነቱ ከ5 ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ያለ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ሙሉ ውጤት ነው፤ ወድቀናል ብላችሁ አትዘኑ።

*መስመሩ መውጣቱን አላቆመም።* ከራስጌ ወደ ግርጌ የሚሄድ አጠቃላይ ዝንባሌ አለ። ከፍታን አስገብታችሁ ዝንባሌውን አውጡና በቀሪው ላይ ቫሪዮግራሙን ድገሙት።

*መስመሩ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል።* የእርከን ወይም የቦይ ርቀትን ለኩና ከማዕበሉ ጋር አስተያዩ።

*አንድ መደብ ብቻ ወደ ላይ ተፈናጠረ።* አንድ ነጥብ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። አውጥታችሁ ሥሩ፤ ከተስተካከለ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

*ካርታው ላይ በየነጥቡ ዙሪያ ክብ ክብ ብቻ ይታያል።* ሬንጁ ከነጥቦቻችሁ ርቀት ያነሰ ነው። ነጥቦቹ ከሬንጁ ግማሽ በላይ ባይራራቁ ይመረጣል፤ ሬንጁ 180 ሜትር ከሆነ 75 ሜትር ይበቃል፣ 60 ሜትር ከሆነ ግን አይበቃም። ቀለሙን በማለስለስ አትሸፍኑት።

ደረጃ 10፦ ካርታውን አውጡና ፈትኑት

አንድ ነጥብ ደብቃችሁ በሌሎቹ ገምቱት፤ ለ124ቱም እንዲሁ አድርጉ። የስህተቶቹ አማካይ ወደ ዜሮ ይጠጋ። የእያንዳንዱ ስህተት ካሬ ለክሪጊንግ ልይይት (ቫሪያንስ፤ ክሪጊንጉ ራሱ ለየግምቱ የሚሰጠው የስህተት ካሬ ግምት) ተካፍሎ አማካዩ ወደ 1 ይጠጋ። ከ1 በጣም ከበለጠ ሞዴሉ ከሚገባው በላይ ተማምኗል፤ ካነሰ ደግሞ አብዝቶ ተጠራጥሯል። ከሁለቱ አንዱ ሲታይ ወደ ደረጃ 9 ተመልሳችሁ ሞዴሉን አስተካክሉ።

የግምቱን ካርታ ከስህተት ካርታው (ግምቱ በየቦታው ምን ያህል እንደሚያጠራጥር ከሚያሳየው) ለይታችሁ አታትሙ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ለማሳው ባለቤት ግን ካርታ ብቻ አትስጡ። አብራችሁ ሂዱና ከ5.5 በታች የሆነው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ «ከዋንዛው ወዲህ» እያላችሁ መሬቱ ላይ አሳዩ።

ሐይቁ ላይ ከሆነ የሚለወጠው

ውሃ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ዋናው ጠላት ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጥልቀት በሌለው ዳር ደለሉ ይታመሳል፤ ሥራውን በጧት ጀምራችሁ በአንድ ጧት ጨርሱ። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ተመልሳችሁ ድገሙ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት በነጥቦች መካከል ካለው ጋር ከተስተካከለ የለካችሁት ቦታን ሳይሆን ሰዓትን ነው፤ መስመሩን አሳጥራችሁ ወይም ሁለተኛ ጀልባ ጨምራችሁ ሌላ ቀን ድገሙት።

ድፍርስነትን በሰኪ ዲስክ (20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሳህን) ስትለኩ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱ። የጠፋበትንና ሲወጣ የታየበትን ጥልቀት አማካይ ያዙ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ያንብብ። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ስለሆነ ዳር ዳር ዲስኩ ሳይጠፋ መሬት ይነካል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን አትጻፉ፣ «መሬት ነካ» በሉ።

ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ ወይም መገጭ ከሚገባበት አፍ ስትነሱ ነጥቦቹን እኩል አታራርቁ። አፉ አጠገብ ለውጡ ፈጣን ነው፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600 ሜትር አድርጉ።

ርቀትን በቀጥታ መስመር አትለኩ። ከዘጌ ልሳነ ምድር በዚህና በዚያ ያሉ ሁለት ነጥቦች ካርታ ላይ ይቀራረባሉ፤ ውሃው ግን ዞሮ ነው የሚገናኘው። ፕሮግራሙ በየብስ ላይ ተሻግሮ እንዳይገምት የውሃ ርቀትን አስሉና አስገቡ።

እምቦጭን በሳተላይት ስትከታተሉ ሴንቲኔል 2 ምስል ላይ አንዱ ነጠብጣብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ከዚያ ያነሰ ቁራጭ ከውሃ ወይም ከደንገል ጋር ተደባልቆ ነው የሚታየው። ነፋስ ስለሚገፋው የመሬት ላይ ማረጋገጫችሁ ምስሉ በተነሳበት ቀን ይሁን።

*ማስጠንቀቂያ፦* አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ በጎህና በምሽት ሸምበቆ ጠርዝ አትጠጉ። ጥልቀት በሌለው ዳር ባዶ እግራችሁን አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ፤ ረጅም የጎማ ጫማ ልበሱ።

የዛፍና የቤት ነጥቦች ከሆኑ

ዘጌ ጫካ ውስጥ ዛፍ ስትቆጥሩ በ10፣ በ20 እና በ40 ሜትር ካሬ ለየብቻ ቁጠሩ። የቆጠራውን ልይይት ለአማካዩ አካፍሉ፤ ከ1 በላይ ከሆነ ተሰባስበዋል፣ 1 አካባቢ ከሆነ በዘፈቀደ ተበትነዋል፣ በጣም ካነሰ እኩል ተራርቀዋል። በ10 ሜትር የተሰባሰበው በ40 ሜትር ዘፈቀደ ሊሆን ስለሚችል የካሬውን ስፋት ሳትጠቅሱ ውጤቱን አትጻፉ።

ዛፎቹ የተሰባሰቡት አፈሩ እዚያ ስለተስማማቸው ነው ወይስ ፍሬው ከእናት ዛፉ ሥር ስለወደቀ? ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥዕል ይሰጣሉ። ከነጥብ ካርታ ብቻ አትፍረዱ፤ አፈሩንም ለኩ፣ የዛፎቹንም ውፍረት መዝግቡ።

የቀበሌ ቁጥሮች ከሆኑ

ጥሬውን ምጣኔ ቀለም ቀብታችሁ አትጀምሩ። 200 ሰው ባለበት ጎጥ 2 ታማሚ ሲገኝ ከሺህ 10 ነው፤ አንድ ሰው ቢጨመር 15 ይሆናል። 8,000 ሰው ባለበት ቀበሌ 80 ታማሚ ሲገኝም ከሺህ 10 ነው፤ አንድ ቢጨመር ከ10.1 ብዙም አያልፍም። ካርታው ላይ በጣም ቀልተውና በጣም ነጥተው የሚታዩት ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። መጀመሪያ በቤይዝ ዘዴ (የትንንሾቹን ምጣኔ ወደ አጠቃላዩ አማካይ በሚያስጠጋው) አለስልሱ።

ከዚያ የሞራን መለኪያን (ጎረቤት ቀበሌዎች ይመሳሰላሉ ወይ የሚለውን በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን) ሥሩ፤ ቁጥሮቹን በቀበሌዎቹ ላይ 999 ጊዜ በዕጣ አደላድላችሁ የእናንተው ውጤት ከዚያ መሐል የት እንደሚወድቅ እዩ። ወሰኑ በመሐል የተለወጠ ቀበሌ ካለ የሁለቱን ዓመት መረጃ ወደ አንድ ወሰን ሳታመጡ አታነጻጽሩ። የቀበሌውን ውጤት ወስዳችሁም ስለ ግለሰብ ቤት አትናገሩ።

ፕሮግራሙ «ጎረቤት የሌለው» ብሎ ሊቆም ይችላል። የደቅ ደሴት በየብስ የሚዋሰነው ቀበሌ ስለሌለ ነው። ከመረጃው አታውጡት፣ ዜሮ ጎረቤት ሰጥታችሁም አትለፉት፤ ሰዎቹ በጀልባ የሚመላለሱባቸውን ዳርቻዎች ጎረቤት አድርጉና ሥሩ። ከዚያ በርቀት ቅርብ በሆኑት አራት ቀበሌዎች እንደገና ሥሩት። ሁለቱ ውጤት ከተለያዩ ሁለቱንም በሠንጠረዥ አቅርቡ፣ የትኛውን ለምን እንደመረጣችሁም ከሥሩ ጻፉ።